ማረሻን ከትራክተር ጋር ያስማማው ሃሪ ፈርጉሰን

በዓለም ላይ ስማቸው የተጠራ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በጦር ሜዳ ጀግንነታቸው፥ አንዳንዶቹ በመንግሥት አመራራቸው፥ ሌሎቹም በድርሰታቸው ታውቀዋል። እኔ ግን በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ታሪኩን ለመጻፍ የመረጥሁት ሰው ስሙ በየመንገዱና በየእርሻው ተጽፎ ሲታይ ብዙ ሰው የማያስተውለው፥ የድካሙ ፍሬ ግን እስከ መሶባችን የደረሰ ሰው ነው። ይህም ሰው ሃሪ ፈርጉሰን ይባላል። ማሴ ፈርጉሰን በሚባለው ቀይ ትራክተር ላይ ከተጻፉት ከሁለቱ ስሞች ሁለተኛው የእርሱ ነው።

ምናልባት አንባቢዎቼ፥ የቂርቆስና የካዛንቺስ ልጅ ስለ ትራክተር ለመጻፍ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በእርግጥ በሠፈራችን የሚታረስ መሬት የለም። ነገር ግን የገበሬው መሣሪያ ሲሰበር ወይም ማሻሻል ሲያስፈልገው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ ከተማ ጋራዥ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነው፤ እንደዚሁም የሠፈራችን መካኒኮች በየቀኑ የሚናገሯቸው ጎማ፥ ፍሬን፥ ቡሎን፥ ጓርኒሲዮን የሚባሉት ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከእኛ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኘው ጎተራ ደግሞ የተሰየመው በእህል ማከማቻ ነው። ስለዚህ በሠፈራችን ብረትና እህል ጎረቤታሞች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እኔም ባለፈው ክረምት በቂርቆስ በሚገኝ አንድ ጋራዥ እየዋልሁ ሥራ ስማር፥ በአንዲት ትንሽ ትራክተር ላይ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ ቫልቭ ሲገጠም አየሁ። ስለዚህ ሥራ ወደ ታች በዝርዝር እገልጻለሁ። ነገር ግን ሥራውን ሳይ፥ ከባዱን ማረሻ በዘይት ኀይል እያነሡና እያወረዱ ማረስን መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው የሚል ጥያቄ አደረብኝ። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት የሃሪ ፈርጉሰንን ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፥ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ግን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ልደቱና ወጣትነቱ

ሃሪ ፈርጉሰን በአየርላንድ በሰሜኑ ክፍል፥ ዳውን በሚባለው አውራጃ፥ ድሮሞር በምትባል ከተማ አጠገብ ኖቬምበር 4 ቀን 1884 ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። ለአባትና ለእናቱ ከተወለዱት 11 ልጆች ሃሪ 4ኛው ነበር። አባቱ በሃይማኖቱ የጠበቀ፥ በሥራም ላይ የማያወላዳ ሰው ስለ ነበረ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው በእርሻው ይደክሙ ነበር። ሃሪም በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ እርሻ ገባ፤ ነገር ግን ሰውነቱ ቀጭን፥ ልቡም ከእርሻ ሥራ የራቀ ስለ ነበረ ከፈረስና ከማረሻ ጋር መዋሉን ፈጽሞ አልወደደውም።

ስለዚህ ወደ ካናዳ ለመሰደድ ሲያስብ ሳለ፥ በ1902 ወንድሙ ጆ በቤልፋስት ከተማ የብስክሌትና የአውቶሞቢል መጠገኛ ስለ ነበረው ከዚያ ገብቶ ሥራ እንዲማር አደረገው። በዚያን ዘመን አውቶሞቢል አዲስ ነገር ነበር። ሃሪ በእርሻው ላይ ሰነፍ ይመስል የነበረው ልጅ በሞተር ላይ ግን እጅግ ትጉህ ሆኖ ተገኘ። የተበላሸ ሞተር ድምፁን አዳምጦ ጉድለቱን በማወቅ፥ ሥራውንም በንጽሕናና በሥርዓት በማከናወን በከተማው ታወቀ። ንጽሕና መውደዱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በአየር ላይ የመብረር ሙከራው

በ1903 በአሜሪካ ሁለቱ ወንድማማቾች ራይት በሞተር መብረራቸው ከተሰማ በኋላ ሃሪ ፈርጉሰን እርሱም አይሮፕላን ለመሥራት ቆረጠ። በፈረንሳይ አገር የተደረገውን የአይሮፕላን ትርኢት ሄዶ ተመለከተ፤ ተመልሶም ከባልንጀሮቹ ጋር በራሱ አሳብ አንድ አይሮፕላን ሠራ። ዲሴምበር 31 ቀን 1909 ሂልስቦሮ በተባለው ስፍራ ነፋስ እየነፈሰ ሳለ አስነሥቶት 118 ሜትር ያህል በረረ። ርቀቱ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት እምብዛም አይበልጥም፤ ሆኖም በአየርላንድ ምድር በሞተር ኀይል የበረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በባሕር ዳርቻ ላይ ሦስት ማይል ያህል በርሮ 100 ፓውንድ ተሸለመ።

ከዚህ በኋላ በ1911 ከወንድሙ ተለይቶ በቤልፋስት የራሱን የአውቶሞቢል ንግድ ከፈተ። ከእርሱም ጋር ዊሊያም ሳንድስ የሚባል ብልህ መካኒክ ነበረ። ፈርጉሰን አሳቡን ሲያመነጭ ያንን አሳብ ብረት ላይ የሚያውለው አብዛኛውን ጊዜ ሳንድስ ነበር። የሃሪ ፈርጉሰን ስም ሲጠራ የዚህን ሠራተኛ ስም መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

ትራክተርና ማረሻ ያልተስማሙበት ዘመን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን ስላሰጠሙ በብሪታንያና በአየርላንድ የምግብ እጥረት ሆነ። በ1917 መንግሥት ትራክተሮች በአየርላንድ በደንብ እንዲሠሩ ያስተምርና ይቈጣጠር ዘንድ ፈርጉሰንን ጠየቀው። እርሱም ከሳንድስ ጋር ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ገበሬዎችን ሲያስተምር የጊዜውን ትራክተሮች ጉድለት በሚገባ አየ።

ጉድለቱም እንደሚከተለው ነበር። ትራክተሩ ማረሻውን የሚጐትተው ፈረስ ጋሪ እንደሚጐትት ሁሉ በሰንሰለት ወይም በአንድ ብረት አሥሮ ነበር። ማረሻው ከመሬት በታች ያለ ድንጋይ ወይም ሥር ሲያጋጥመው በድንገት ይቆማል፤ የኋላው ጎማ መዞር ሲያቅተው ግን ሞተሩ መሥራቱን አይተውም፤ ስለዚህ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ በሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። ሄንሪ ፎርድ ይሠራው በነበረው ፎርድሰን በተባለ ትራክተር ላይ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ከዚህም ሌላ ትራክተሩ እንዳይንሸራተት ሲባል እጅግ ከባድ ሆኖ መሠራት ነበረበት፤ ከባድ ሲሆን ደግሞ መሬቱን ይደፈጥጣል፥ ዋጋውም ይወደዳል፤ ትንሽ ገበሬም ሊገዛው አይችልም።

ይህንን ነገር በደንብ የተረዳሁት አያቴን ከጠየቅሁ በኋላ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው በአርሲ በጭላሎ በበሬ ያርሱ ነበር። በሬዎቹ ሲጐትቱ ገበሬው ዕርፉን ይይዛል፤ የመሬቱም ጥንካሬ በዕርፉ በኩል ወደ እጁ ይመጣል። መሬቱ የጠጠረ እንደ ሆነ ማረሻው ጥቂት እንዲቀል፥ የላላም እንደ ሆነ ጠለቅ እንዲል እጁ ራሱ ያውቃል። ድንጋይም ሲያጋጥም በሬዎቹ ይቆማሉ፥ ገበሬውም ማረሻውን ያነሣል። በትራክተር ግን የጐደለው ይህ ነበር፤ ኀይል ነበረው፥ ዕርፍ ይዞ የሚሰማ እጅ ግን አልነበረውም። ሃሪ ፈርጉሰን ዕድሜውን በሙሉ የደከመው ይህንን እጅ ለማግኘት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስቱ ክንዶችና የዘይቱ ኀይል

ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ ብዙ ዓመታት ሞክረው በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ ይህ ነው። ማረሻው ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው በሦስት ክንዶች ነው፤ ሁለቱ ከታች፥ አንዱ ከላይ። ማረሻው መሬት ውስጥ ሲገባ የታችኞቹ ሁለቱ ይጐትቱታል፤ የላይኛው ግን ወደ ፊት ይገፋል። መሬቱ በጠነከረ መጠን የላይኛው ክንድ ግፊት ይበረታል፤ ይህም ግፊት አንድ ሞላ ይጨምቃል፤ ሞላውም ከዘይት ቫልቭ ጋር ስለ ተያያዘ ቫልቩን ያንቀሳቅሰዋል። ቫልቩ ሲከፈት ዘይት ወደ ሲሊንደር ይገባል፥ ማረሻውም ጥቂት ብድግ ይላል። ሸክሙ ሲቀል ሞላው ይመለሳል፥ ማረሻውም ተመልሶ ይጠልቃል። ስለዚህ ሹፌሩ ሳይነካው ማረሻው የመሬቱን ጥንካሬ እየተከተለ ይሄዳል። ማረሻውም ድንጋይ ቢመታ የላይኛው ክንድ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል እንጂ አያስነሣውም። ከዚህም በላይ የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጫና በኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ቀላሉ ትራክተር ሳይንሸራተት የከባዱን ያህል ይጐትታል።

የዘይቱን ኀይል ነገር በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳሳየው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ለምሳሌ የዘይቱ ግፊት በአንድ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ቢሆንና የፒስተኑ ስፋት 40 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ፒስተኑ 6,000 ኪሎ ግራም ማለት 60 ኩንታል ይገፋል። በጣት የሚነካ ትንሽ ማንሻ ብዙ ጐልማሶች የማያነሡትን ሸክም የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈርጉሰን ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት በ1926 አገኘ። በ1933 የመጀመሪያውን ሙሉ ትራክተር በቤልፋስት ሠራ፤ ቀለሙ ጥቁር ስለ ነበረ ጥቁሩ ትራክተር ተባለ። በ1936 ደግሞ ዴቪድ ብራውን ከሚባለው የእንግሊዝ ማርሽ ሠሪ ጋር ሆኖ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ነገር ግን ዋጋው ከፎርድሰን ይበልጥ ስለ ነበረ የተሸጠው 1,350 ያህል ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ሰዎች በአሳብ ስላልተስማሙ ተለያዩ።

ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያደረገው ስምምነት

በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን አንዱን ትራክተር በመርከብ አስጭኖ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በዲርቦርን ከተማ በሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሥራውን አሳየ። ሄንሪ ፎርድም የገበሬ ልጅ ነበረና ወዲያው ጥቅሙ ገባው። ሁለቱ ሰዎች ጠበቃ ሳይጠሩና ውል ሳይጽፉ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ፤ ፎርድ ትራክተሩን ሊሠራ፥ ፈርጉሰን ዘዴውን ሊሰጥና ሊሸጥ። በ1939 ፎርድ ፈርጉሰን የተባለው ትራክተር ወጣ፤ እስከ 1947 ድረስም ከ300,000 በላይ ተሠራ።

ነገር ግን በቃልና በእጅ የታሠረ ስምምነት የሚጸናው ተስማሚዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። ሽማግሌው ፎርድ ሥራውን ለልጅ ልጁ ከለቀቀና በኋላም በኤፕሪል 1947 ከሞተ፥ ወጣቱ ፎርድ ስምምነቱን አፈረሰ፤ በፈርጉሰን ዘዴ የሚሠራ ሌላ ትራክተርም አወጣ። ፈርጉሰንም በ1948 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ 251 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀ። ክርክሩ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1952 በዕርቅ አለቀ፤ ለፈርጉሰን 9 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ተከፈለው፥ የፎርድ ኩባንያም የዘይት ፓምፑን መቈጣጠሪያ ቫልቭ አሠራር እንዲለውጥ ተገደደ። እንግዲህ እጅ የሚያህል አንድ ቫልቭ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎችን ለፍርድ ማቆሙን ስናስብ፥ የትንሽ ነገር ዋጋ በመጠኑ እንደማይለካ እንረዳለን።

ትንሿ ግራጫ ትራክተር

ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት በ1946 ፈርጉሰን በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከስታንዳርድ የአውቶሞቢል ኩባንያ ጋር ሆኖ ቲ.ኢ. 20 የተባለችውን ትራክተር ማሠራት ጀምሮ ነበር። ክብደቷ ከ11 ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ፥ ቀለሟ ግራጫ ነበር። ሞተሯን ማስነሣት የሚቻለው በማርሽ ዘንጉ ብቻ ስለ ነበረ ማርሽ ገብቶ ሳለ በድንገት ተነሥታ ሰው እንዳትጨፈልቅ ተደርጋ ነበር። እስከ 1956 ከ500,000 በላይ ተሠርተው በዓለም ዙሪያ ተሸጡ። ኤድመንድ ሂለሪ የተባለው የኤቨረስት ተራራ ወጪ በፈርጉሰን ትራክተሮች በረዶ ላይ ተጕዞ ጃኑዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደርሷል።

ፈርጉሰን ትራክተሩን የሚሸጠው ገንዘብ ለማግኘት ብቻ አልነበረም። የእርሻ ፈረሶች ከሚታረሰው መሬት ብዙውን ይበሉታል፤ ትንሹም ገበሬ ርካሽ መሣሪያ ቢያገኝ የምግብ ዋጋ ይወርዳል፥ ረኀብና ድህነትም ይቀንሳል ብሎ ያምን ነበር። በጠባዩ ግን ግትር፥ ለመቈጣት ፈጣን፥ የሌላውን አሳብ ለመቀበል የዘገየ ሰው ነበር። በ1953 ኩባንያውን ማሴ ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር ሲያዋሕድ በ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሳይስማሙ ቀርተው በሳንቲም ዕጣ ተጣጣሉ፤ ፈርጉሰን ተሸነፈ፤ ነገር ግን ሳይከፋው ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ከኩባንያው አመራር ወጣ። ኩባንያው በ1958 ማሴ ፈርጉሰን ተባለ።

ከዚያም በኋላ አላረፈም። አራቱም ጎማዎች የሚጐትቱት አውቶሞቢል ለመሥራት ደከመ። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በ75 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር በመኖሪያ ቤቱ አረፈ። በድርጅቱ የተሠራችው ባለ አራት ጎማ ጐታች የውድድር መኪና በ1961 በእንግሊዝ አገር በኦልተን ፓርክ አንደኛ ስትወጣ እርሱ ለማየት አልታደለም።

በሠፈራችን ያየሁት ሥራ

አሁን ወደ ጀመርሁት ወደ ቫልቩ ነገር እመለሳለሁ። ወደ ጋራዡ የመጣችው ትንሽ ትራክተር የአጎቴና የሁለት ጎረቤቶቻቸው የጋራ ንብረት ናት፤ ከአርሲ በአይሱዙ ተጭና ነበር የመጣችው። የጋራዡ ባለቤት እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በካዛንቺስ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የቀድሞው ሠፈር ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ቂርቆስ ተዛውረዋል።

ትራክተሯ ከፋብሪካ ስትወጣ ዘይቷ የሚያነሣው የኋላ ክንዶቿን ብቻ ነበር። አጎቴና ጎረቤቶቻቸው የፈለጉት ግን ስንዴ የሚጭነው ተሳቢ ራሱ ተነሥቶ እንዲገለበጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ከመጀመሪያው ቫልቭ ሌላ ተጨማሪ ቫልቭ ያስፈልጋል። የፈርጉሰን ኩባንያም በዘመኑ ከትራክተሩ ዘይት እየወሰደ የሚገለበጥ ተሳቢ ይሸጥ ስለ ነበር አሳቡ አዲስ አይደለም።

የመካኒኩ የመጀመሪያ ሥራ መመርመር ነበር። ማንሻው ሳይነካ ዘይቱ ዝም ብሎ ይዞራል ወይስ ይቆማል የሚለውን ጠየቁ። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ በቫልቩ መካከል አልፎ ወደ ማጠራቀሚያው ሳያቋርጥ ይመለሳል። በጥንቶቹ የፈርጉሰን ትራክተሮች ግን መቈጣጠሪያው ያለው ዘይቱ ወደ ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ስለ ሆነ ፓምፑ ሲታዘዝ እንጂ ሁልጊዜ ዘይት አይገፋም። ስለዚህ ለአንዲቱ የተስማማው ቫልቭ ለሌላይቱ ያለ ምርመራ አይገጠምም። ቀጥሎም ግፊቱን በመለኪያ ለኩ።

የአጎቴ ትራክተር ዘይቱ ከሚዞርባቸው ወገን ነበረች። ስለዚህ አዲሱ ቫልቭ በፓምፑና በክንዶቹ ቫልቭ መካከል ገባ። በአዲሱ ቫልቭ ላይ፥ ወደ ተሳቢው ከሚሄደው ሌላ፥ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። በአንደኛው ዘይት ከፓምፑ ይገባል፤ በሁለተኛው ሥራውን የጨረሰው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ በሦስተኛው ደግሞ ያልተፈለገው ዘይት ወደ ክንዶቹ ቫልቭ ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተለይተው ካልተሠሩ፥ ክንዶቹ ሸክም ሲያነሡ ግፊቱ ወደ አዲሱ ቫልቭ መመለሻ ገብቶ ጓርኒሲዮኑን ይተፋዋል፥ ወይም ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስተንፈሻው ነው። ሸክሙ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ዘይቱ የሚያመልጥበት በር ከሌለው፥ ፓምፑ እስኪሰበር ወይም ቱቦው እስኪፈነዳ ድረስ ይገፋል። በአጎቴ መንደር በአንድ ጎረቤት ትራክተር ላይ ሌላ ሰው ይህን ሳያስተውል ቫልቭ ገጥሞ ነበር፤ አንድ ቀን ቱቦው ሲፈነዳ ተነሥቶ የነበረው ተሳቢ በድንገት ወረደ፥ ከሥሩ እጁን ያስገባ ወጣትም ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከዚህ የተነሣ አጎቴ ዋጋው ቢጨምርም ሥራው በሚያውቅ ሰው እጅ እንዲሠራ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መጡ።

የጋራዡ ባለቤት ለእኛ ለተማሪዎቹ ያስጠነቀቁንን እዚህ ብጽፈው ይጠቅማል። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የተነሣው ሁሉ ወርዶ፥ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ማንሻው ወዲያና ወዲህ ተነቅንቆ በውስጡ የቀረው ግፊት መውጣት አለበት። ተነሥቶ ባለ ተሳቢ ሥር ያለ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ማንም አይገባም። ዘይት የሚያፈስ ቀዳዳ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ በመርፌ ቀዳዳ በታላቅ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ የተሳቢው ሲሊንደር የሚጠጣው ዘይት ማርሾቹ ከሚታጠቡበት ከዚያው ማጠራቀሚያ ስለሚወሰድ፥ ለማርሾቹ የሚቀረው እንዳያንስ መጠኑ መታየት አለበት። አቧራም የዘይት ጠላት ነው፤ ቱቦዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ሳይወለወሉ አይጋጠሙም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ተሳቢው 15 ኩንታል አሸዋ ተጭኖ በአንድ ጣት በተነካ ማንሻ ተነሣና ተገለበጠ። አጎቴ ክንዶቹንም አንሥተው አወረዱ፤ ሁለቱም ሥራዎች አልተጋጩም።

ትራክተርና ጭሰኛ

ሃሪ ፈርጉሰንን ብቻ አመስግኜ ብጨርስ ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ አልነገርሁም። ምክንያቱም አያቴ ከጭላሎ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በትራክተር ምክንያት ነው። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም የስንዴውን ምርት አሳደጉት። ነገር ግን ስንዴ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩ፥ ጭሰኞቻቸውንም አስወጡ። አያቴም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በሬዎቻቸውን ሸጠው መጥተው በካዛንቺስ የቀን ሥራ ጀመሩ። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በአገር ቤት የቀሩት ወንድማቸው በዚያን ጊዜ መሬት ስለ ደረሳቸው ልጃቸው፥ ማለት አጎቴ፥ እስከ ዛሬ ያርሱታል።

እንግዲህ ለትንሽ ገበሬ ተብሎ የተፈጠረ መሣሪያ ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ አስወጣው። ይህ የፈርጉሰን ጥፋት ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። ነገር ግን መሣሪያ መልካም ስለ ሆነ ብቻ መልካም ሥራ ይሠራል ብሎ ማመን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ዘይቱ ማንሻውን ለያዘው እጅ ሁሉ ይታዘዛል፤ የባለ ርስትም ይሁን የጭሰኛ አይለይም። ለመለየት የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም በሕግና በኅብረት ነው። ዛሬ ሦስት ገበሬዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት ትንሽ ትራክተር በጋራ ሲገዙ፥ አንድ ቫልቭም ጨምረው የሁለት መሣሪያ ሥራ ሲያሠሯት፥ የፈርጉሰን አሳብ ወደ ታሰበለት ሰው ደረሰ ለማለት እደፍራለሁ።

ከሃሪ ፈርጉሰን ሕይወት እኛ ተማሪዎች ልንወስደው የሚገባን ትምህርት ሦስት ይመስለኛል። አንደኛ፥ እርሻ ያስመረረው ልጅ እርሻን ከመናቅ ይልቅ ድካሙን ለማቅለል ተነሣ። ሁለተኛ፥ በ1917 ያየውን ችግር ፈትቶ ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ 19 ዓመት ታገሠ። ሦስተኛ፥ ኀይል ከመጨመሩ በፊት ለኀይሉ መቈጣጠሪያና ማስተንፈሻ አሰበ። ወላጆቻችን ከየአገሩ መጥተው በዚህ ከተማ ያሳደጉን፥ መምህሮቻችንም ፊዚክስና ሒሳብ የሚያስተምሩን ፈተና ለማለፍ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን በቂርቆስ ጋራዥ ውስጥ ቱቦ የሚያጋጥም፥ ወይም በአርሲና በጎጃም ለገበሬው የሚስማማ መሣሪያ የሚያስብ ሰው ቢወጣ፥ የተማርነው ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።